ማሰሪያውን ቀድመው የፈቱት የፈረስ ሐኪም

አደብ ገዝታችሁ ተቀመጡ፤ ወንበር የምትጎትቱም ተዉ፤ ቀብር ላይ የሚነበብ የሟች የሕይወት ታሪክ ነው የማስጽፈው። አንቺም ልጄ፣ እንዳልኩሽ ጻፊ፣ የአክስትሽን ባል ላሳምር እንዳትዪ።

የፈረስ ሐኪሙ ከጋሪ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሲወለዱ አላለቀሱም ይባላል፤ ለቅሶውን ለሌላው እንዳቆዩት ያኔ ማን አወቀ! በትምህርታቸው ሰነፍ አልነበሩም፣ ውሸት አልናገርም፤ ግን ተመርቀው የነጩን ጋዋን ቁልፍ ሲቆልፉ ጆሯቸውንም አብረው ቆለፉት። ታናሽ እህቴን አገቡ፤ ምን እንዳየችባቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወንድና ሴት ልጅ ወለዱ፤ ደግነቱ ሁለቱም በእናታቸው ወጡ።

ለእህቴ ከአባታችን የቀረቻት አንዲት ባዝራ ፈረስ ናት። ባለፈው ወር ሚስማር ረግጣ፣ የፊት እግሯ ከሰኮናው በላይ መገጣጠሚያው ላይ መግል ቋጠረ፤ ካልዳነ መገደሏ ነው። ሕክምናው የታወቀ ነው፦ ከጉልበቷ በላይ በሰፊ ጎማ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ከማሰሪያው በታች የደም ሥሯን አንቲባዮቲክ መውጋት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መታገሥ። መድኃኒቱ እዚያው ታች ታግዶ ይሥራ እንጂ መላ ሰውነቷ ውስጥ ሲበተን ምን ይፈይዳል? እሳቸው ታዲያ አሰሩ፣ ወጉ፣ እንግዳ ሲመጣ «ይኸው፣ በአንድ መርፌ!» ለማለት ቸኩለው ወዲያው ፈቱት። እግሩ ባልዲ አክሎ አደረ። ጥፋቱን ያላላከኩበት ማን አለ? በመድኃኒቱ፣ በጎማው፣ ቀጥሎ በፈረሷ! «አመለኛ ናት» አሉ። በሦስት እግር የቆመች ፈረስ ምን አመል አላት!

በሚቀጥለው ቀን መርፌው ሲደገም እህቴ ፈረሷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ማሰሪያውን ያዘች።

«ፍቺው፣ ይበቃል!»

«ከቸኮልክ ሂድ፤ እኔ አልፈታም።»

በትዳሯ እምቢ ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እብጠቱ መጉደል ጀመረ፤ እሳቸውም ሰፈሩን ዞረው «አዳንኳት» አሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ከዚያ ሳንባ ምች ያዛቸው። ትኩሳቱ በረድ ሲልላቸው «ተሽሎኛል» ብለው ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። ሚስታቸው ለመነች፣ ልጆቻቸው ለመኑ፤ ማን ሰምቶ! ኪኒኑ እዚያው እንዳለ አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሕክምናዋን ያልጨረሰች አንዲት ፈረስ ትተው አልፈዋል። አምላክ፣ ቢያስቸግሩትም ችሎ፣ ነፍሳቸውን በሰላም ቦታ ያሳር… ማነው? እህቴ ናት፣ ከጋጣው።

«እትዬ! መርፌው ገብቷል፣ ማሰሪያው እየላላብኝ ነው፤ ነይ ያዥልኝ!»

መጣሁ! አንቺ፣ እዚህ ላይ አቁሚ፤ የእሳቸው ነፍስ ትንሽ ትጠብቅ፣ ይቺ እግር ግን —