የጋሼ ኤርካሎ ድምፅና የመስመሮቹ ተራ

ጋሼ ኤርካሎ ሶዶ መናኸሪያ ተራ ሲያስከብሩ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ግን ጉሮሯቸው አስቸገራቸውና ሐኪሙ «መጮህ ያቁሙ» አላቸው። ተራ አስከባሪ ካልጮኸ ምኑን ተራ አስከበረው? የመናኸሪያው የባለመኪኖች ማኅበር ግን መላ አመጣ፤ ኮምፒውተር ተራውን ይያዝ፣ በማጉያ ይጥራ፣ እሳቸውም አጠገቡ ተቀምጠው ይቆጣጠሩ ተባለ። ካልሠራ ሌላ ጉልበታም ይተካል፤ ጋሼ ኤርካሎም ቤታቸው ይገባሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጉድ ፈላ። ወደ ቤሌ የሚሄደው መኪና ሲወጣ የሻንቶና የዲምቱ መስመሮች ተራ፣ የባጃጁም ጭምር፣ አብሮ ዘለለ። ሹፌሮቹ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ጋሼ ኤርካሎ ለጉሮሯቸው ዝንጅብል ሊገዙ ሲወጡ፣ ሱቁ በር ላይ ፕሮግራሙን ከጻፈችው የኮሌጅ ተማሪ ከሐመልማል ጋር ተገጣጠሙ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«ምን ውሎ አለ! የሻንቶው ሹፌር ሳያጠፋ ተራውን ተነጠቀ። መሣሪያሽን ይዘሽልኝ ሂጂ፣ ልጄ። ባጃጁስ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው አብሮ የሚዘለው?»

«ባጃጁም ዘለለ? ወይኔ! ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንዴት ማለት?»

«ሦስቱን መስመሮች የአንድ አባት ልጆች አድርጌ ጻፍኳቸው። አባትየውም ልጆቹም እያንዳንዳቸው ክላስ ይባላሉ። የተራው ቁጥር ደግሞ የክላስ ቫሪያብል ነው፤ ክላሱ የሚይዘው፣ የሚለዋወጥ ቁጥር ማለት ነው። ሲወርሱት ለየልጁ የራሱ ቁጥር የሚደርሰው መስሎኝ ነበር፤ ለካ አባትና ልጆች የሚይዙት ያንኑ አንዱን ነው።»

ጋሼ ኤርካሎ ንዴታቸውን ረሱት። ነገር ጥርት ብሎ ካልገባቸው እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው።

«ቆይ እስቲ። እኔ ጎሳዬን ለልጆቼ አውርሻለሁ። አንዱ ተነሥቶ ጎሳዬን ለወጥኩ ቢል የኔም ይለወጣል?»

«በሰው ዘንድ አይለወጥም። በኔ አጻጻፍ ግን የእርስዎም የወንድሞቹም አብሮ ይለወጣል።»

«ኧረ ጉድ! ባጃጁ ግን ዘመድ አይደለም።»

«አይደለም፤ ሙያ ተውሶ ነው። መጥራት የሚባለውን ሥራ ለብቻው ጻፍኩና ለአባትየውም ለባጃጁም ጨመርኩላቸው። ይህ ሚክሲን ይባላል፤ ሳይዛመዱ ሙያ መዋዋስ ነው። ቁጥሩን ያስቀመጥኩት እዚያው ሙያው ውስጥ ስለሆነ የወረሰውም የተዋሰውም አንዱን ቁጥር ይነካካል።»

«እንግዲያው ሁሉንም ነጣጥይው!»

«ሁሉንማ አይሆንም፣ ጋሼ። የመናኸሪያው መዝጊያ ሰዓት ሲለወጥ ለሁሉም ባንዴ ይለወጥ፤ እሱ የጋራ ነው። ተራ ግን ለየክላሱ የራሱ ይሁን።»

«ነገ ሌላ ቢያበላሽስ? ቤቴ የምገባው እኔ ነኝ እኮ!»

«አብረን እንፈትነው።»

ተመልሰው ገቡ። ሐመልማል ቁጥሩን ከሚክሲኑ አውጥታ ለየክላሱ ሰጠች። ቤሌን አስወጡ፤ ሻንቶ ንቅንቅ አላለም። ባጃጅ አስወጡ፤ ዲምቱም ዝም። ጋሼ ኤርካሎ ደግመው ደጋግመው ሞከሩት፤ እውነቱን ለመናገር ከማመን አልፈው መጫወት ጀምረው ነበር።

«የጋራውን ከየግሉ መለየት ነው ለካ ነገሩ» አሉ። «የሚጠራውስ ድምፅ?»

«እሱ የጋራ ይሁን። ድምፅዎን አንድ ጊዜ በስልኬ ልቅዳና ሚክሲኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ሁሉም በእርስዎ ድምፅ ይጠራል።»

ሽማግሌው ዝንጅብላቸውን አኝከው፣ ስልኳን ተጠግተው ቀስ ብለው ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው ሰላም ሆነ። ተራ አይዘልም፣ ሹፌር ከሹፌር አይጣላም፣ የሰዓት ለውጥ አንድ ጊዜ ተነግሮ ለሁሉም ይደርሳል። የጋሼ ኤርካሎም ጉሮሮ እያገገመ ሄደ። አንድ ጠዋት ማጉያው «ሻንቶ! ሻንቶ!» ሲል ከእረፍት የተመለሰ አንድ የሻንቶ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ ተቆጣ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ አይጩኹ አላለም እንዴ?»

ጋሼ ኤርካሎ አፋቸውን ግጥም አድርገው እንደዘጉ በጣታቸው ማጉያውን አሳዩት።