ወራጅ የለም

ከሀና ማርያም በታክሲ እንደተነሳን ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት «ወራጅ አለ!» አለች።

«አሁን ገና ገብተሽ?» አሏት አጠገቧ ያሉት እናት።

«ቤተ ክርስቲያኑን ስናልፍ ሳማትብ ቀኝ ትከሻዬን አልነካሁም።»

«ነክተሻል ልጄ፣ አይቼሻለሁ።»

«ተመልሼ ካላማተብኩ እናቴ የምትሞት ይመስለኛል። ሐኪሜ ይህ ሐሳብ የጭንቀት በሽታ ነው ብሎኛል።»

«የንስሐ አባትሽስ?»

«እሳቸውም ‹አንዴ ማማተብ ይበቃል፤ ሐኪምሽን ስሚ› ብለውኛል። ግን እፈራለሁ። ትናንት ሦስቴ ወርጄ ሥራ አረፈድኩ፤ ዛሬ ከደገምኩ ያባርሩኛል።»

«እንግዲያው እየፈራሽም ቢሆን ተቀመጪ። እጄን ያዢ።»

ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። «እህቴ፣ ትወርጃለሽ ወይስ እንሂድ?»

የአጠገቧን እናት እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ወራጅ የለም፤ ንዳው» አለች።

ታክሲው ሲንቀሳቀስ በልቤ ተመስገን አልኩ፤ አንዴ ብቻ።