ሠላሳ ስምንት ዜሮ

ጋሽ ምንያህል የኮሮና ክትባታቸውን ግራ ክንዳቸው ላይ ተወግተው፣ በሚኖሩበት የባሕር ማዶ ከተማ ክሊንተንቪል ሰፈር ካለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው እንዲቆዩ ታዘዙ። እሳቸው ግን መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ገና በሁለተኛው ደቂቃ ኮታቸውን መልበስ ጀመሩ። ይሄኔ አንዲት ማስክ ያደረገች ወጣት ወንበሯን ስድስት ጫማ ያህል ራቅ አድርጋ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ ሐዊ ነኝ፤ የመዓዛ ልጅ» አለቻቸው።

በዓይኗ አወቋት። ጎረቤት ሆና ያደገች ልጅ ናት፤ አሁን አንድ የጤና ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሰላምታው እንደ ደንቡ ረዘመ። ጤና? ተመስገን። ቤተሰብ? ተመስገን። ሥራ? ተመስገን። ተመስገን እያሉም የኮታቸውን ቁልፍ ሊበጥሱት እስኪደርሱ ሲያሽከረክሩት ልጅቷ ታያቸው ነበር።

«ጋሼ፣ የእድሩን ሰርቬይ የሞሉት እርስዎ ነዎት?»

በኩራት አዎን አሉ። ድርጅቱ በወረርሽኙ ሰው ምን ያህል እንደተጨነቀ ለማወቅ ለእድሩ ሠላሳ ስምንት ፎርም ልኮ ነበር። እሳቸው ጸሐፊ ናቸውና ለሌሎቹ ሠላሳ ሰባት አባላት ስልክ ደውለው «ደህና ናችሁ?» አሉ፤ «ተመስገን» ተባሉ፤ በየጥያቄው «አንድም ቀን» የሚለውን ዜሮ አክብበው ሠላሳ ስምንቱንም በሁለት ቀን አስረከቡ። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ጸሐፊ ከየት ይገኛል!

ሐዊ ግን አላመሰገነቻቸውም። በሌላ ቦታ የተጠየቁ ወጣቶች ጭንቀት በዛብን ብለው እንደ መለሱ፣ ልጅ ይዘው ቤት የቀሩ እናቶችም እንደዚያው፣ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ የሚሠሩት ደግሞ እንቅልፍ እንዳጡ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የእድሩ ሰው ብቻ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ አንድም ቀን አልተጨነቀም። ስለዚህ በአማርኛ የሚያማክር ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም ተብሏል። ሁለተኛው ዙር ሰርቬይ ዓርብ ይዘጋል፤ ያ ካለፈ ነገሩ አለቀ።

«ልጄ፣ የኛ ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ያደገ ነው» አሉ ጋሽ ምንያህል። «ጭንቀት አለብኝ ብል ነገ ጸሐፊው አበደ ይባላል። ደግሞስ ተመስገን ማለት ነውር ሆነ?»

«ኧረ አልሆነም። የደም ግፊትዎን ሲለኩም ተመስገን ይላሉ፤ ግን ማሽኑ መቶ ስልሳ ካለ መቶ ሃያ ብለው አይጽፉም። እማዬ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትላለች። ፎርሙ ላይ ስም የለም ጋሼ፤ ሊንኩን ሴንድ አደርግልዎታለሁ፣ ሁሉም ራሱ ይሙላ።»

መቶ ስልሳውን ወደ መቶ ሃያ የሚያወርድ ጸሐፊ! ይህች አባባል አጥንታቸው ድረስ ገባች። በእድሩ መዝገብ አንዲት ስም አሳስተው የማያውቁ ሰው፣ ሠላሳ ስምንት ጊዜ የሐሰት ቃል ጽፈዋል ማለት ነው። የገዛ ራሳቸውም ፎርም ከመካከሉ ነበረ።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን እንቅልፍ አጡ?» አለች ሐዊ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ነርሷ መጥታ ጊዜዎ ሞልቷል፣ መሄድ ይችላሉ አለቻቸው። አልተነሡም።

ከዚያ ተናገሩ። ሰይፈሥላሴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእሳቸው መኪና፣ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ግሮቭ ሲቲ ወዳለው ዌርሃውስ ሲመላለስ የኖረ ጓደኛቸው ነው። በበሽታው ሞተ። ለስንቱ ሰው ድንኳን ያስተከሉ፣ ሐዘንተኛ ያስቀመጡ ጸሐፊ የጓደኛቸውን ልቅሶ በስልክ መስኮት ደረሱ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የዌርሃውሱ ፓርኪንግ ላይ መሪ እንደ ጨበጡ ይቀራሉ፤ ደረታቸው ይጨመደዳል። ሁለት ጊዜ ሳይገቡ ወደ ቤት ተመልሰዋል። አለቃቸው ሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ሥራው እንደሚያበቃ በጽሑፍ አስጠንቅቋቸዋል።

«በየቀኑ ነው» አሉ። «አንድም ቀን ደህና አልተኛሁም።»

ሐዊ አላባበለቻቸውም፤ ሕመሙ ስም እንዳለው፣ እንደሚታከምም ነገረቻቸው። ሐኪም የፈረመበት ወረቀት ካለ አለቃው በቀላሉ እንደማያባርራቸውም አስረዳች። እኛ ሰዎች ለጥርስ ሕመም ከተማ እናቋርጣለን፤ ለልብ ሐዘን ግን አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ይከብደናል።

ጋሽ ምንያህል መነጽራቸውን አድርገው እዚያው በስልካቸው የራሳቸውን ፎርም ሞሉ። ቀጥለው ከእድሩ ዝርዝር የመጀመሪያ ወደ ሆነው ወደ ጎሹ ደወሉ።

«ጎሹ፣ ደህና ነህ አልልህም» አሉት። «እኔ ሰይፈሥላሴ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መኪናዬ ውስጥ መሪ እንደ ጨበጥሁ ነው የማረፍደው። አንተስ?»

በስልኩ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ቆይ ጋሼ» አለ ጎሹ፣ ድምፁን ቀንሶ። «ልጆቹ እንዳይሰሙኝ ወደ ውጭ ልውጣ።»

እስከ ዓርብ ሠላሳ ስምንቱም መለሱ፤ በዜሮ የቀሩት ሰባት ብቻ ነበሩ። በበጋው አማርኛ ተናጋሪዋ ባለሙያ ሥራ ጀመረች፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም ተራ ያዘ። ጋሽ ምንያህል ሥራቸው ላይ አሉ፤ ፓርኪንጉ ላይ የሚቆዩት አሁን አንድ አባታችን ሆይ እስኪደግሙ ብቻ ነው። ስልክ ሲደውሉም ዛሬም «ደህና ናችሁ?» ይላሉ፤ «ተመስገን» ከተባሉ በኋላ ግን ስልኩን አይዘጉም፤ «እንቅልፍስ?» ብለው ይጠብቃሉ።