ኮንትራት ጀልባ

(ዛንዚባር፣ ከሆቴሉ በታች ያለው የጀልባዎች ዳርቻ፣ ረፋድ ላይ። የባንክ ሠራተኛው ናሁሠናይና የሚስቱ የማኅደር አባት አቶ ተካልኝ፣ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር፣ ማኅደር ለባብሳ እስክትወርድ ድረስ ለዘገየው የጫጉላ ሽርሽር የሚሆን ጀልባ ሊመርጡ አሸዋው ላይ ቆመዋል።)

ናሁሠናይ፦ አባባ፣ እነዚያ ፈረንጆች እኛ ጀልባ ላይ ምን ይሠራሉ?

ተካልኝ፦ ተሳፍረው ነዋ።

ናሁሠናይ፦ ማን አሳፈራቸው?

ተካልኝ፦ እኔ። አንተ ከደላላው ጋር ስትነታረክ ጀልባው ባዶውን ቆሞ ሳየው አላስችል አለኝ። ዕድሜ ልኬን ወንበር ሳይሞላ ተነሥቼ አላውቅም፣ ልጄ።

ናሁሠናይ፦ በምን ቋንቋ ጠሯቸው?

ተካልኝ፦ ቋንቋ ምን ያደርጋል? እጄን አውለበለብኩ፣ ወንበሩን አሳየሁ፣ መጡ። አውቶቡስ ተራ የሚሳፈረው ሁሉ የረዳቱ ጩኸት የገባው እንዳይመስልህ። ያቺ ልጆች የያዘችው ደግሞ ኬንያዊት ናት፤ አንድ ረድፍ ያዘችልን። ሊሞላ ነው።

ናሁሠናይ፦ አባባ፣ ይሄ እኮ ኮንትራት ነው!

ተካልኝ፦ ኮንትራትስ ቢሆን ባዶውን ይሄዳል?

ናሁሠናይ፦ ኮንትራት ማለት ለብቻ ማለት ነው! ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ስንት የሠርግ ኮንትራት ሄደዋል።

ተካልኝ፦ ሄጃለሁ። ከተሳፋሪው ግማሹን ሙሽራው አያውቀውም ነበር። እየዘፈኑ ሄዱ፣ እየዘፈኑ ተመለሱ። ማን ቅር አለው?

ናሁሠናይ፦ ሙሽራውን ቅር ብሎት ይሆናላ። ሙሽራ ደግሞ አይናገርም።

ተካልኝ፦ አይናገርም ነው የምትለኝ?

ናሁሠናይ፦ ወጉ አይፈቅድለትም።

ተካልኝ፦ እሺ። ይሄንን ያዝኩልህ።

ናሁሠናይ፦ በቃ፣ ትልቁ ጀልባ ለእነሱ ይሁን፤ በደስታ ይሙላላቸው። ደላላው ሌላም አሳይቶኛል። ያ ሰማያዊው ወለሉ መስታወት ነው አሉ። ተቀምጠው ከእግርዎ ሥር ዓሣውን፣ ድንጋዩን፣ ገደሉን ሁሉ ያያሉ።

ተካልኝ፦ ገደሉን?

ናሁሠናይ፦ ባሕሩ ሥር ገደል አለ፤ ሰው ሁሉ እሱን ሊያይ ነው የሚመጣው።

ተካልኝ፦ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ተሳፋሪው መጋረጃ የሚዘጋው ለምን መሰለህ? ሰው ከሥሩ ያለውን ባያይ ነው መንገድ የሚያልቅለት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብለዋል። መስታወቱ ይቅርብን።

ናሁሠናይ፦ እኔም አልወደድኩትም። እኔ የወደድኳት ያቺን ነው። ባለ ነጭ ሸራዋን።

ተካልኝ፦ የቷን?

ናሁሠናይ፦ ግራና ቀኝ ክንፍ ያላትን።

ተካልኝ፦ እሷ ጀልባ ናት? እኔ ደግሞ የሊጥ ገበቴ አጥበው ፀሐይ ላይ ያሰጡ መስሎኝ።

ናሁሠናይ፦ ከአንድ ግንድ ተቦርቡራ ነው የተሠራችው። ዓሣ አጥማጆቹ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በእሷ ነው የኖሩት። ሞተር የላት፣ ጩኸት የላት፤ በነፋስ ብቻ።

ተካልኝ፦ ፍሬኗስ?

ናሁሠናይ፦ ጀልባ ፍሬን የለውም፣ አባባ።

ተካልኝ፦ ትልቁም?

ናሁሠናይ፦ ትልቁም።

ተካልኝ፦ ይሄንን ማኅደር ታውቃለች?

ናሁሠናይ፦ ማንም ያውቃል!

ተካልኝ፦ እኔ አላውቅም ነበር። አየህ፣ እኔ ራሴ ያልነዳሁት ነገር ላይ ስቀመጥ አያምርብኝም። አውሮፕላኑ ሲያርፍ እግሬ ወለሉን ሲረግጥ፣ ሲረግጥ፣ ፊት ለፊቴ ያለችው ሴትዮ ዞራ ወንበሬን አትምታ አለችኝ። እኔ እኮ እሷንም ጭምር ነበር የማቆማት።

ናሁሠናይ፦ እኔስ ከእርስዎ በምን እሻላለሁ? ባንክ ቤት የሰው ብድር ያሰጋል አያሰጋም ብዬ የምወስን ሰው ነኝ። እዚህ ግን አንዲት ታንኳ ለመምረጥ ዳርቻውን ስመላለስ ደላሎቹ ስም አውጥተውልኛል።

ተካልኝ፦ ማን አሉህ?

ናሁሠናይ፦ በቋንቋቸው «ነገ ባዩ» ማለት ነው አሉ።

ተካልኝ፦ ቶሎ ነው ያወቁህ። እና ያቺ ገበቴ ስንት ሰው ትይዛለች?

ናሁሠናይ፦ እንደ ነፋሱ ነው።

ተካልኝ፦ ነፋሱን ተወው። ወንበሯን ነው የጠየቅሁህ።

ናሁሠናይ፦ ሁለት።

ተካልኝ፦ ከባለ ጀልባው ጋር?

ናሁሠናይ፦ ከባለ ጀልባው ሌላ።

ተካልኝ፦ እኛስ ስንት ነን?

ናሁሠናይ፦ እዚህ ስንት ነን ነው የሚሉኝ?

ተካልኝ፦ እዚህም፣ ቤታችንም።

ናሁሠናይ፦ ሦስት።

ተካልኝ፦ ባንክ ቤት እንዲህ ነው የምትቆጥሩት?

ናሁሠናይ፦ ለእርስዎ አስቤ ነው እንጂ፣ አባባ! ፀሐዩ ይከብዳል። ሆቴሉ ጥላ ሥር መቀመጫ አለው፤ ኮኮናት እየፈለጡ ያቀርቡልዎታል።

ተካልኝ፦ ኮኮናቱን ትናንት ስታቀርቡልኝ ዋላችሁ። ሆዴ ራሱ ባሕር ሆኗል፤ ጀልባ ከተገኘ እዚያ ነው የሚያስፈልገው። ይልቅ ልጠይቅህ፤ ዋና ትችላለህ?

ናሁሠናይ፦ ሶደሬ ዋኝቻለሁ።

ተካልኝ፦ ውኃው እስከ የትህ ነበር?

ናሁሠናይ፦ እስከ ወገቤ።

ተካልኝ፦ እሱማ መታጠብ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ ናሁ። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ። በዚያች ጣውላ ከአንተ ጋር ስሰድዳት ዝም ብዬ ኮኮናት ልጠጣ?

ናሁሠናይ፦ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ! ሰውዬውም ባሕሩ ላይ ነው የተወለደው። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ እኮ ስንጋብዝዎት…

ተካልኝ፦ ስትጋብዙኝ ምን?

ናሁሠናይ፦ ምንም።

ተካልኝ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ግማሹ ወጥቷል፤ የቀረውን አታንቀው።

ናሁሠናይ፦ አንዴ እንኳን አልተግደረደሩም!

ተካልኝ፦ ምን አልክ?

ናሁሠናይ፦ አልተግደረደሩም! «አባባ፣ አብረን እንሂድ እንጂ» አልኩ። ወጉ ነው ብዬ! እርስዎ «የለም ልጄ፣ ጊዜው የእናንተ ነው» ይሉኛል። እኔ «ኧረ በሞቴ» እላለሁ። እርስዎ «አይሆንም» ይላሉ። እኔ እያዘንኩ እሄዳለሁ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። እርስዎ ግን ጉርሻ እንደመጣለት ሰው አፍዎን ከፍተው «ፓስፖርት የት ነው የሚወጣው?» አሉኝ።

ተካልኝ፦ እና ከዚያ ቀን ጀምሮ በሆድህ ይዘኸው ዞርክ?

ናሁሠናይ፦ ይዤው ብቻ ብዞር ምን ነበረበት! ፎቶ ቤት ወሰድኩዎት እኮ። ክራቫትዎን አሠርኩልዎት። «ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አልኩዎት። የራሱን ጫጉላ የሚያደምቅለትን ሦስተኛ ሰው ክራቫት የሚያሥር ሞኝ የት አይተዋል? ፎቶ አንሺው «ልጅዎት ነው? የታደሉ አባት» ሲልዎት እኔ ነኝ አመሰግናለሁ ያልኩት።

ተካልኝ፦ ሳቅ እንዳታስጀምረኝ፤ ኮኮናቱ ይወጣል።

ናሁሠናይ፦ ይቅርታ፣ አባባ። አፌ ነው። ፀሐዩ ነው መሰለኝ።

ተካልኝ፦ ፀሐዩን ተወው፤ ምን አደረገህ? ግን መግደርደርን ለእኔ ልታስተምር ነው? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። እኔ በመግደርደር ስንት ሰው ቤት ጾሜን አድሬያለሁ። ያን ቀንም ቃሌን አዘጋጅቼ ነበር የተቀመጥኩት። «ጊዜው የእናንተ ነው» የሚለውን ራሱን።

ናሁሠናይ፦ ታዲያ የት ሄደ?

ተካልኝ፦ አንተ ሳሎን ሳትጠራኝ በፊት ሚስትህ ጓዳ ጠርታኝ ነበር።

ናሁሠናይ፦ ማኅደር?

ተካልኝ፦ «ናሁ አብረን እንሂድ ይልሃል፤ አደራህን እንዳትግደረደር» አለችኝ።

ናሁሠናይ፦ ብቻዎትን ጥላዎት መሄድ ከብዷት ነዋ። እናቷ ካረፉ ወዲህ…

ተካልኝ፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለወጉ ያህል «ሽማግሌ በጫጉላ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኋት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

ናሁሠናይ፦ ምን አለች?

ተካልኝ፦ «አባ፣ ብቻችንን ከሆንን ምን እናወራለን?»

ናሁሠናይ፦ እንዲህ አለች?

ተካልኝ፦ ናሁ።

ናሁሠናይ፦ አቤት።

ተካልኝ፦ ልነግርህ አልነበረም። ግን ሁለት ሰው የምትይዝ ነገር ስትፈልግ እንዲህ ስትለፋ አይቼ፣ ዝም ብል ኃጢአት መሰለኝ።

ናሁሠናይ፦ እኛ እናወራለን እኮ።

ተካልኝ፦ ምን ታወራላችሁ?

ናሁሠናይ፦ ብዙ ነገር። ውኃ ስለመጣበትና ስላልመጣበት ቀን። ስለ አዲሱ አለቃዬ። መኪና ስላቆምንበት ቦታ።

ተካልኝ፦ ሌላስ?

ናሁሠናይ፦ ስለ እርስዎ።

ተካልኝ፦ ስለ እኔ ምን ትባባላላችሁ?

ናሁሠናይ፦ «አባ በላ?» ትለኛለች፤ «በልተዋል» እላታለሁ። «ተኙ እንዴ?» እላታለሁ፤ «ተኝቷል» ትለኛለች።

ተካልኝ፦ ከዚያስ?

ናሁሠናይ፦ ከዚያ እኛም እንተኛለን።

ተካልኝ፦ እኔ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ነው ቤቱ የሚደምቀው በለኛ!

ናሁሠናይ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብለን ነዋ፣ አባባ። ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። አንድም ቀን። እኔ እንዲያውም ሰላማችን ብዬ እኮራበት ነበር። ቢሮም አውርቼዋለሁ። ሰዎቹ ምክር ይጠይቁኛል፣ እመክራለሁ!

ተካልኝ፦ በራስህ ብቻ አትሳቅ፤ በኔም ሳቅ። እናንተ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሶፋው መሃል ላይ የተጎለትኩት እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሻይ በእኔ በኩል ሲተላለፍ፣ ስኳር በእኔ በኩል ሲመለስ፣ ተከበርኩ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ድልድይ ሆኜ ነው።

ናሁሠናይ፦ አባባ።

ተካልኝ፦ ወዬ።

ናሁሠናይ፦ ትልቁን ጀልባ እንያዝ።

ተካልኝ፦ ምን?

ናሁሠናይ፦ ኬንያዊቷም ትምጣ፣ ፈረንጆቹም ይምጡ። ቦታ ካለ እኔም ወጥቼ ሰው ልጥራ።

ተካልኝ፦ ያቺን ገበቴ ከአያት ከቅድመ አያት እያልክ ስታወድስ የነበርከው አንተ አይደለህም?

ናሁሠናይ፦ እስቲ ያስቡት። ሰማይ፣ ውኃ፣ ባለ ጀልባው አማርኛ አይሰማ፣ እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ምን እላታለሁ? የወለድ ምጣኔ ላስረዳት?

ተካልኝ፦ እሱንስ ያስረዳሃት መስሎኝ፣ በቀለበታችሁ ቀን።

ናሁሠናይ፦ በሞቴ፣ አባባ፣ አብረን እንሂድ። ይሄኛው የወግ አይደለም።

ተካልኝ፦ ስማኝ። እኔ ጋቢና አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሲነሣ ዝም ብሎ ነው። ጎሐ ጽዮን ድረስ ዝም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ምን እለዋለሁ መሰለህ?

ናሁሠናይ፦ «አይዞህ።»

ተካልኝ፦ አይዞህ ያልከው ሰው ይባስ አፉን ይዘጋል። «እኔም ይቺ መታጠፊያ ሁልጊዜ ታስፈራኛለች» ነው የምለው።

ናሁሠናይ፦ ሹፌሩ እንደዚያ ካለ ተሳፋሪው አይወርድም?

ተካልኝ፦ መጀመሪያ ይደነግጣል። ድልድዩን ሳንሻገር ግን ለሚስቱ ያልነገረውን ሁሉ ለኔ ያወጣል። ፈሪ ከፈሪ ጋር ወሬ አያጣም። ምን እንደሚያስፈራህ ነግረሃት ታውቃለህ?

ናሁሠናይ፦ እኔ? ባሏ እኮ ነኝ!

ተካልኝ፦ እና ባል ቁልቁለት የለውም?

ናሁሠናይ፦ አለው። ኧረ፣ ያቺው እየወረደች ነው። ቢጫ ባርኔጣ አድርጋ። እጇን አነሣችልን።

ተካልኝ፦ አንተም አንሣላት እንጂ፤ እኔን ምን ታየኛለህ? አዎ፣ እንደሱ። እኔ ትልቁ ጀልባ ላይ እሳፈራለሁ፤ ልጆቹ ቦታ ይዘውልኛል። እኛ የባሕር ዔሊ ወደሚታይበት ነን፣ እናንተ በገበቴዋ ወደዚያች አሸዋማ ደሴት።

ናሁሠናይ፦ ቃል ገብተውላታል እኮ! ትቆጣለች!

ተካልኝ፦ ትቆጣ። ሽማግሌው አባቴ ካደኝ ብላ እየነደደች ትሳፈራለች፤ ለማን ታወራዋለች? ላንተ። ይኸው የመጀመሪያውን ወሬ ሰጥቼሃለሁ።

ናሁሠናይ፦ እሱ ሲያልቅስ?

ተካልኝ፦ ሲያልቅማ፣ ልጄ፣ ዝም ብትሉም ሁለት ሆናችሁ ዝም በሉ።