ጉልበት ያስጨመርኩላት መኪና
የትንሿን መኪናዬን ቱርቦ በትልቅ አስቀይሬ ደሴ ካለ ጋራዥ ወጣሁ። መካኒኩ «ፍሬኑም አብሮ ይቀየር» ቢለኝም እኔ የቸኮልኩት ለመንዳት ነበር። ሐይቅን እንደ ንፋስ አለፍኳት። ወደ ውጫሌ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ከኩርባው ማዶ ጀናዛ በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ፍሬኑ ግሎ ኖሮ ስረግጠው ሰመጠ። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መኪናዋ እየጮኸች ሄዳ ከቃሬዛው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች። አንድም ሰው አልሸሸም፤ ጀናዛ ጥሎ የሚሮጥ የለም።

አሁን ይቀጠቅጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ሼህ የመኪናዋን በር ከፈቱ። «ውረድ ልጄ፣ ተሸከም» አሉኝ። ወርጄ ትከሻዬን ከቃሬዛው ስር አስገባሁ። ጥቂት እንደሄድን ጠጋ ብለው፣ «አልሐምዱሊላህ በል» አሉኝ፤ «ዛሬ ከተሸካሚዎቹ ነህ።»