ለአዲስ ችግኝ ሲባል የተነቀሉ ወይራዎች

የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል ከወንድሜ ከነጂብ ጋር ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከስፋክስ ወደ አባታችን እርሻ ስንሄድ፣ አጎታችንን ሐጅ ቲጃኒን መንገድ ዳር አገኘናቸው። ከአንድ የኪራይ ትራክተር አጠገብ ቆመው ቀጥሎ የሚነቀለውን ወይራ በከዘራቸው ለሾፌሩ ያሳዩ ነበር። በምዕራብ በኩል ያለው የእርሻቸው ግማሽ ባዶ ሆኗል። ሥሮቻቸው ወደ ሰማይ የዞሩ ግንዶች ተከምረው ከሰል አክሳዩን ይጠብቃሉ።

ነጂብ የወይራ አምራቾች ማኅበር የእርሻ ባለሙያ ነው። «አጎቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ።

«አንተ ያልከውን ነዋ! የካርቦን ገንዘብ የሚከፈለው ለአዲስ ተከላ ነው ብለህ የለም እንዴ? አሮጌው ካልተነቀለ አዲሱን የት ልትከለው? አናትህ ላይ?»

ሾፌሩ ሳቀ።

«እኔ ያልኩትማ ዛፍ በሌለበት መሬት ላይ ስለሚተከል ነው። ማኅበሩ የጠራውን ስብሰባ አቋርጠው ወጡ እኮ።»

«ዳዴ ሲል ያየሁት ልጅ ሲያስተምረኝ እስኪመሽ ልቀመጥ? ዋናውን ሰምቼ ወጣሁ።»

በአገራችን ታላቅ ሰው ከታናሹ ትምህርት መቀበልን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ታናሹም አክብሮ ዝም ይላል። በዚህ መካከል ስንት ነገር እንደጠፋ ግን የሚጠይቅ የለም።

«እሺ» አሉ ሐጅ፣ «ለነዚህ ለቆሙት ይከፈለኛል?»

«በመቆማቸው ብቻ አይከፈልዎትም። ግን በመካከላቸው ያለውን አፈር ማረስዎን ቢተዉ፣ ሣሩን አጭደው እዚያው አፈሩን ቢያለብሱት፣ የገረዙትንም ቅርንጫፍ ከማቃጠል ፈጭተው ቢበትኑት፣ ከጭስ ጋር ወደ አየር የወጣው ካርቦን ተመልሶ በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ለካዮች መጥተው ይለኩታል። የሚከፈልዎት ለተጨመረው ነው።»

«ሣር! በቲጃኒ መሬት ላይ ሣር! ነፍሳቸውን ይማረውና አባቴ እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከወይራህ ሥር ሣር አለ ብለው መልሰውታል። ደግሞስ አየር የሚገዛ ማን ነው? ነገ ጥላዬንም ልሽጥልህ?»

«ጭሳቸውን ቀንሰው ያልጨረሱ ፋብሪካዎች ናቸው የሚገዙት።»

«እነሱ ያጭሱ፣ እኔ ሣር ላብቅል! ጥሩ ውል ነው!»

«ቅሬታዎ ልክ ነው፤ እኔም አለኝ። ክፍያውም ሀብታም አያደርግዎትም፤ ውሉም ለብዙ ዓመት ያስራል። ይህን አልደብቅዎትም። ግን እስቲ ይምጡ።»

የአባታችን እርሻ ድንበርተኛ ነው። እዚያ ማረስ ከተውን ሁለት ክረምት አልፎናል። ነጂብ የታጨደውን ሣር ገለጥ አድርጎ እፍኝ አፈር ሰጣቸው። ሐጅ ጨበጥ ሲያደርጉት ረጥቦ ተያያዘ። ከዚያ አንድ እርምጃ ተሻግረው ከራሳቸው መሬት ዘገኑ። በጣቶቻቸው መካከል ሾልኮ ነፋስ ወሰደው።

ያንን አቧራ ሁላችንም «ንጹሕ እርሻ» እያልን ስንኮራበት ኖረናል። ነፋሱ ወደ ባሕር የሚወስደው ግን የአያቶቻችንን አፈር ነው። የተሸፈነ አፈር ውኃ ይይዛል፤ በድርቅ ዓመት ዛፉን ያቆያል፤ የእርሻውን ወጪ ይቀንሳል። ገበሬው ከዘይቱ ሌላ በየጊዜው የካርቦን ገንዘብ ያገኛል፤ ማኅበሩ የብዙዎችን መሬት በአንድ ላይ ስለሚያስመዘግብም የመለኪያው ወጪ ለአንድ ሰው አይከብድም።

ሐጅ እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ። «አንተ፣ ትራክተርህን ይዘህ ሂድ» አሉት ሾፌሩን። ቀጥለው ወደ ምዕራብ ሳይመለከቱ፣ «ይህን የቀረውን መዝግብልኝ። ያኛውስ? አዲስ ችግኝ ብተክልበት ይከፈለኛል አይደል?» አሉ።

ነጂብ ጎንበስ ብሎ የገለጠውን ሣር መልሶ አለበሰው። ሐጅ ወደ እኔ ዞሩ። ከነጂብ ደጋግሜ የሰማሁትን ልነግራቸው የግድ ሆነብኝ።

«አይከፈልዎትም፣ አጎቴ» አልኩ። «ለገንዘቡ ሲባል ዛፍ የተነቀለበት መሬት አሥር ዓመት አይመዘገብም። ሰው ደኑን እየጨፈጨፈ እንዳይተክል ነው ሕጉ።»

«አሥር ዓመት» አሉ ሐጅ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ወደ ግንዶቹ ሄደው ከአንዱ ላይ ተቀመጡ። ሥሩ የተበጠሰበት ቁስል ገና እርጥብ ነበር። በእጃቸው ይዳብሱት ጀመር። ልጆች ሳለን ከሥሩ ስንጫወት የዋልንበት ዛፍ ይሁን ሌላ፣ ተገልብጦ ስላለ መለየት አልቻልኩም።



«ነጂብ» ሲሉ ተጣሩ። «ነገ ችግኝ ይዘህልኝ ና።»

«እዚህ ለሚተከለው ክፍያ እንደሌለው—»

«ሰምቻለሁ አልኩህ! ብዙ ችግኝ አታምጣ። ጉድጓዱን የምቆፍረው እኔ ነኝ።»