ተዛንፎ የተቆለፈው ሸሚዝ

ሰፈሩ ሁሉ «እማማ ተጠንቀቁ» ይላቸዋል። ልጅ ደረጃ ላይ ሲሮጥ፣ ሰው ትኩስ ነገር ሲይዝ፣ መኪና በሩቁ ጡሩንባ ሲነፋ፣ ከአፋቸው ቀድማ የምትወጣው ቃል «ተጠንቀቁ!» ስለሆነች ነው። ሰኞ ጠዋት የባለቤታቸውን የደም ግፊት ክኒን ሊወስዱ ሆስፒታል ሲሄዱም፣ መንገዱን ሁሉ ጥግ ጥጉን ይዘው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ነበር።

መድኃኒት ቤቱን ሲፈልጉ ኮሪደር ተሳሳቱ። ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባቸው ወደ ቀኝ ታጠፉና ገርበብ ካለ በር ፊት ደረሱ። በክፍተቱ አጮልቀው ያዩትን ሲያዩ ክው ብለው ቀሩ።

አንድ ግዙፍ ሰው ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ከአጠገቡ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቁልቁል ታየዋለች። አላነሳችውም፣ ሰውም አልጠራች። ጭራሽ «አይዞህ፣ አትቸኩል» ትለዋለች። ያቺ ወጣት ደግሞ የገዛ የልጃቸው ልጅ ነበረች! ይህን ጊዜ ክፍል ገብታ ሐኪምነት ትማራለች ብለው የሚያስቧት፣ ጎረቤት ሁሉ «ዶክተሯ» የሚላት ልጅ!

«ኧረ ሰው ወድቋል!» ብለው በሩን በርግደው ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ምን ይገትርሻል?» ቦርሳቸውን ወረወሩና የሰውዬውን ቀኝ ክንድ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ጎተቱ።

«እምዬ፣ ክንዱን አይጎትቱት! ትከሻው ይወልቃል!» ልጅቷ ዘላ እጃቸውን ያዘች። ከበሩ ጀርባ የነበረችው መነጽር ያደረገች መምህርትም ሮጣ ደረሰች።

ሰውዬው ከወለሉ ቀና ብሎ አያቸው። «እናቴ፣ በፈጠረዎት ይተዉኝ። ይቺን ቀን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠብቃት ነው የከረምኩት።»

«ለመውደቅ?»

«አልወደቅኩም፤ ወድጄ ተጋደምኩ እንጂ። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ ቤት ውስጥ ብወድቅ ሚስቴ ይህን ሁሉ ጭነት በምን አቅሟ ታነሳዋለች? ወድቆ መነሳትን እየተማርኩ ነው። እስቲ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ፈቀቅ አሉ። ሹፌሩ በጎኑ ተገለበጠ፣ በጤነኛ እጁ ወንበሩን ጨበጠ፣ አንድ ጉልበቱን ተከለ። ግንባሩ በላብ ወረዛ። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በሦስተኛው ቆመ። ቆሞም «ሞተሩ ተነስቷል!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ኋላ ከልጅቷ ጋር ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ሐኪምነት አይደለም እንዴ የምትማሪው?»

«እኔ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ገባሁ ነው ያልኩዎት፤ ዶክተር ልትሆን ነው ብለው ለሰፈሩ ያወጁት እርስዎ ነዎት። እንዳላስከፋዎት ብዬ ዝም አልኩ፤ ጥፋቴ ነው። ዘንድሮ ዲፓርትመንት ስንመርጥ ይሄን መረጥኩ። ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ገና እያየን ነው የምንማረው።»

«ይሄን ማለት ምንድን ነው? ስም የለውም?»

«ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል።»

«ምላስ ይሰብራል!»

«ስሙ ነው እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው እምዬ። በበሽታም ሆነ በአደጋ የተጎዳ ሰው መልበሱን፣ መብላቱን፣ መታጠቡን፣ ሲሆንለትም ወደ ሙያው መመለሱን እንደገና እንዲችል መርዳት ነው። ከጎናችን ፊዚዮቴራፒ የሚማሩ አሉ፤ እነሱ ጡንቻውንና አካሄዱን ይይዛሉ። አንደበቱ ለተያዘ፣ መዋጥ ላቃተው ሰው ደግሞ የንግግር ሕክምና አለ። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ መሥራትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሁሉም ዲግሪ አላቸው።»

«ዲግሪ! ሰው ሸሚዙን እንዲለብስ ለማስተማር አራት ዓመት? እኔ እናትሽን በአንድ ክረምት አስተምሬያታለሁ፤ ዲግሪዬ የታለ?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት።

«አይሳቅም! ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ ሐኪም መሆን እየቻለች ወለል ላይ ሰው ታጋድማለች! ለመሆኑ መቀየር የሚቻለው እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ዓርብ።»

«እንግዲያው ዓርብ ሬጅስትራር ፊት እንገናኛለን። እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

አትፍረዱባቸው። እድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት፣ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክኒኑን ተቀብሎ ሲመለስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ማቀፍ፣ ማጠብ፣ ማብላት። ዩኒቨርሲቲ ይህን ያስተምራል ቢባሉ እንዴት ይመኑ? ልጅቱ ነገ ተንቃ፣ ከጓደኞቿ በታች ሆና እንዳትቀርም ፈርተዋል።

ልጅቷ እጃቸውን ያዘች። «ይምጡ፤ ቀይሪ ካሉኝ እቀይራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። አባባ ሸሚዛቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ራሳቸው የቆለፉት መቼ ነው?»

አባባ የምትላቸው የእማማን ባለቤት ነው። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ የዛሬ ስምንት ወር ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው።

«እኔ እያለሁለት ምን በወጣው ይቆልፋል?» አሉ እማማ ኮራ ብለው። «ስምንት ወር ሙሉ አልብሼዋለሁ፣ አጥቤዋለሁ። ማንኪያ እንኳ አስነክቼው አላውቅ!»

«ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን ጣታቸው ይንቀሳቀስ ነበር?»

«እንዴታ! ብርድ ልብሱን እኮ ጨምድዶ ይይዝ...»

«አሁንስ?»

አሁን ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተጣጥፈው ተገትረዋል። በየጠዋቱ ያንን እጅ እጅጌ ውስጥ የሚያስገቡት እርሳቸው ነበሩ፤ እንደዚህ ግን አስበውት አያውቁም።

«እኔ ነኝ?» አሉ። «እጁን ሥራ ያስፈታሁበት እኔ ነኝ?»

«ኧረ አይደለም እምዬ፣ እንዲህ አይበሉ! ሐኪሞቹ ነፍሳቸውን አተረፉልን። ከዚያ ክኒን ይዘን ወጣን። ይሄን ያድርጉ፣ ይሄን አያድርጉ ብሎ የነገረን ማን አለ? ያኔ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ይህን የተማረ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን ሻይ አጠጥቻቸዋለሁ፤ በየዋህነት። ትምህርቱን የመረጥኩት የአባባን እጅ እያየሁ ነው። መምህሬንም ስለሳቸው ጠይቄያት፣ አምጪያቸው ብላኛለች።»

«ነገ እናመጣዋለን» አሉ እማማ። «ስለ ዓርቡ ግን ገና አልወሰንኩም።»

ማክሰኞ መምህርቷ የሽማግሌውን እጅ በጥንቃቄ መረመረች። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ሳታጣድፍ ዘረጋቻቸው። «ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም» አለች። «ግን አልሞተም፤ ሥራ ፈትቶ ነው የደረቀው።» ከዚያ ወደ እማማ ዞረች። «የእርስዎ መድኃኒት ይከብዳል። ጠዋት ሲለብሱ ሩብ ሰዓት አይንኳቸው። እጅዎ እምቢ ካለዎት ይቀመጡበት።»

ረቡዕ ጠዋት እማማ እጃቸው ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ቀኝ እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ በግራቸው አንስተው እጅጌው ውስጥ ከተቱት። የሸሚዙን ጫፍ በታጠፉት ጣቶች ተጭነው በግራቸው ቁልፏን መግፋት ጀመሩ። አመለጠቻቸው። ደገሙ፤ አመለጠቻቸው።

«አላይም! ልቤ ሊወጣ ነው!» አሉ እማማ።

«አትዪ፤ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ» አሉ ሽማግሌው ቀስ እያሉ። «ስምንት ወር ሙሉ የመጨረሻ ልጅሽ አደረግሽኝ። እሹሩሩ ማለት ብቻ ነው የቀረሽ።»

«ታዲያ ምነው አልተናገርክም?»

ሽማግሌው ከሸሚዙ ቀና አሉ። «አንድ ቀን ማንኪያውን ላነሳ ስል ደንግጠሽ ጮህሽ። ከዚያ ወዲህ አንቺን ከማስደንገጥ መተውን መረጥኩ።»

እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እንባቸውን እንዳያዩባቸው። ያን ቀን ቁልፏ አልገባችም። ሐሙስም አልገባችም።

ዓርብ ሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ልጅቷ ቅጹን ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች። አያቶቿ ተያይዘው መጡ።

«የልጅ ልጄን ትምህርት ላስቀይር ነበር የመጣሁት» አሉ እማማ ለጸሐፊው።

«ለሐኪምነት ነው? ነጥቧ ይበቃል። ትፈርም።» ጸሐፊው ይህን ሲል ከጎናቸው የቆሙትን ሽማግሌ አየና ከመስኮቱ እጁን ዘረጋ። «አባት፣ ሸሚዝዎ ተዛንፏል፤ ላስተካክልልዎ?»

«እንዳትነካው!» አሉ እማማ። ሰልፉ ሁሉ ዞረ። «ራሱ ነው የቆለፈው! አንዷ ቁልፍ የማታውቀው ቀዳዳ ገባች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፤ ቢሆንም ራሱ ነው!»

«ታዲያ... ቅጹስ?»

«ቅጹ ይቅር። ስማ ልጄ፣ ሐኪም ይኑርልን፤ ባሌን ከሞት የመለሰልኝ እሱ ነው። ግን ሰው ከሞት ተመልሶ ቤቱ ሲገባ ሸሚዙ ይጠብቀዋል፣ ማንኪያው ይጠብቀዋል፣ ደረጃው ይጠብቀዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ቤቴ ቢመጣ እኔም ስምንት ወር በፍቅር ስም አልሳሳትም ነበር። በሽተኛው ቶሎ ይነሳል፣ አስታማሚው ያርፋል፣ ባለሙያው ወደ ሙያው ይመለሳል። አራት ዓመት በዛ ስል ነበር፤ አሁን እንዲያውም አነሰ እላለሁ! እነሱም ሐኪሙም ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው የሚያምረው።»

ልጅቷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከሰልፉ አንዷ ተማሪ ጠጋ ብላ «እናቴ፣ የትምህርቱን ስም ይድገሙልኝ» አለች። እማማ ተጠንቀቁ ምላሳቸውን እየጎተቱ፣ በሦስት ትንፋሽ ጨርሰው ነገሯት።

«አርባ ዓመት ሙሉ» አሉ ልብስ ሰፊው ደረታቸውን ነፍተው ሲወጡ፣ «እንዲህ ያለ ሸሚዝ ከሱቄ አውጥቼ አላውቅም።»

በሩ ላይ ስድስት ደረጃ ነበር። ሽማግሌው ከሚስታቸው ክንድ ተላቀቁና ቀኝ እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ፤ ጣቶቹ በከፊል ያዙት። አንድ ደረጃ ወረዱ። እማማ ከኋላቸው ሆነው አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ የለመዷት ቃል ከንፈራቸው ላይ ደረሰች።

ዋጧት።